እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ከዲሲ ብዙ ሳንርቅ ጸጥ ያለች የባሕር ዳር መንደር የት ናት?

የስፕሪንግፊልዷ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ናት፣ እስከ መስከረም ትቆያለች። 68 ዓመቷ ነው፣ የሰቆጣ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር አይታ አታውቅም። ጣናንም ያየችው አንዴ ነው፣ እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ በቴሌቪዥን ስለ ዓሣ ነባሪ ሲያዩ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ቆየችና "ይሄ ውኃ ከዚህ ሩቅ ነው እንዴ?" አለችኝ። በመኪና ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው ስላት ዝም አለች። ከመጣች ሦስት ወር ሆኗታል፤ እኛ ያሳየናት ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክና ሞል ብቻ ነው። ዝምታዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

እኛ በየሰመሩ የምንሄደው ኦሽን ሲቲ ወይም ቨርጂኒያ ቢች ነው። ልጆቹ ይወዱታል። ግን ሕዝቡ፣ ሙዚቃው፣ ፓርኪንግ ፍለጋው፣ ሆቴሉ ውስጥ ሊፍት መጠበቁ፣ ይሄ ሁሉ ለሷ አይሆንም። ባሕሩን ቁጭ ብላ እንድታየው ነው የምፈልገው። ትንሽ መንደር ብትሆን፣ ማታ ወጣ ብላ በእግሯ የምትዞርበት፣ ሰው ሰላም የሚላት ቦታ።

ባለቤቴ ከሥራ የሚያገኘው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፣ ጁላይ አጋማሽ ላይ። ልጆቹ 12 እና 7 ናቸው። ትልቋ ዋና ተምራለች፣ ትንሹ ገና ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ አሸዋ ላይ ረጅም መሄድ አትችልም። ምግብም ከቤት ውጭ አትበላም፣ ስለዚህ ማብሰያ ያለው ቤት ያስፈልገናል። ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ያንን ወደ ባሕሩ ስንሄድ የሚያጋጥመውን ረጅሙን የቼሳፒክ ድልድይ ስሻገር እጄ ላብ በላብ ይሆናል። ባለቤቴ ነው የሚነዳው ግን አጠገቡ ተቀምጬም አልችለውም። ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ። የሄዳችሁበትን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ማለዳ ሹፌር

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ ሳልጠራጠር ሉዊስ እላለሁ። ደላዌር ውስጥ ናት፣ ከሪሆበት ቢች ትንሽ ወደ ሰሜን። ሰው ሁሉ ሪሆበት ብሎ ሲነዳ አጠገቧ አልፎ ይሄዳል። ደቾች መጀመሪያ የሰፈሩባት በ1631 ነው፣ ዛሬም አሮጌ የእንጨት ቤቶቿ፣ ደጃፋቸው ላይ አበባና ወንበር ያለባቸው፣ እንዳሉ አሉ። ዋናውን መንገዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽማግሌ ሰው በእግሩ ያዳርሰዋል። አግዳሚ ወንበርም በየቦታው አለ።

ለእናትሽ የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሉዊስ ሁለት ዓይነት ውኃ አላት። ከተማዋ ራሷ ያለችው ደላዌር የባሕር ሰላጤ ላይ ነው። እዚያ ያለው ቢች ሞገዱ ትንሽ ነው፣ ውኃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ የ7 ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ አሸዋ ሲቆፍር ልብሽ አይሰቀልም። እናትሽም እግራቸውን ነክረው መቆም ይችላሉ። ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነድተሽ ኬፕ ሄንሎፐን ፓርክ ስትገቢ ደግሞ እውነተኛው አትላንቲክ ነው፤ ድምፁን ከመኪና ሳትወርጂ ትሰሚዋለሽ። መጀመሪያ ቀን ሰላጤውን፣ በነጋታው ውቅያኖሱን አሳዪያቸው። ባሕር አይቶ የማያውቅን ሰው በአንዴ ሞገዱ ፊት አታቁሚው።

ፓርኩ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን መርከቦች እንዳይመጡ ለመቃኘት የተሠሩ የኮንክሪት ማማዎች አሉ፤ አንደኛውን ልጆቹ መውጣት ይችላሉ፣ ከላይ ሆነው ውቅያኖሱንም ሰላጤውንም ያያሉ። ለመግቢያ የሌላ ስቴት ታርጋ ትንሽ ጨመር አድርጎ ነው የሚከፍለው፣ ብዙ አይደለም። ለጉልበታቸው ደግሞ ፓርኩ ሰፋፊ ጎማ ያለው የአሸዋ ዊልቸር በነፃ ያውሳል። ቀድሞ ለመጣ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ገና ሳይሞላ ግቡ።

መንገዱ ከናንተ ጋ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ትራፊክ ከሌለ። ሰኞ መሄዳችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ዓርብ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ምዕራብ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ መዋል ነው። ሰኞ ከጠዋቱ የሥራ ሰዓት በፊት ውጡ። ድልድዩን አልፋችሁ ከ50 ቁጥር መንገድ ወደ 404 ስትገቡ የበቆሎ ማሳ ግራና ቀኝ ይጀምራል። በየመንገዱ ዳር ገበሬዎች በቆሎ፣ ኮክና ሐብሐብ ይሸጣሉ። አንዱ ጋ ቁሙ። እኔ አክስቴን ስወስዳት ከባሕሩ እኩል ያስደሰታት እሸቱ ነው፤ "አሜሪካ ገበሬ አላት እንዴ?" ብላ ወርዳ ማሳውን በእጇ ነካችው።

የቺንኮቲግ ወዳጅ

ማለዳ ሹፌር ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ሉዊስን እኔም እወዳታለሁ። ግን "ትንሽ መንደር" ካልሽ የኔ ልብ ቺንኮቲግ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ናት፣ ግን የምትሄጂው በሜሪላንድ በኩል ዞረሽ ነው፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ደሴት ናት። ወደ ደሴቷ የሚያስገባው መንገድ ረግረጉን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ነው የሚሄደው፣ ሁለቱም ጎን ውኃና ሣር፣ ነጫጭ ሽመላዎች አንድ እግራቸውን አጥፈው ቆመው ታያለሽ። መንደሯ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፣ አሁንም ጠዋት ጀልባዎቹ ሲወጡ ይሰማል።

ቢቹ ያለው መንደሯ ላይ ሳይሆን በትንሽ ድልድይ ተሻግረሽ አሳቲግ የሚባለው ደሴት ላይ ነው። አሳቲግ 37 ማይል ይረዝማል፣ ቢቹ ላይ ሆቴል የለም፣ ሱቅ የለም፣ መብራት የለም። መንግሥት ስለያዘው ማንም አይሠራበትም። ዓይንሽ እስኪደክም አሸዋና ውኃ ብቻ ነው። እና ፈረሶች። የዱር ፈረሶች፣ አጫጭር፣ ቡላና ዳማ፣ ረግረጉ ውስጥ ሲግጡ ታያለሽ። ሰዎቹ ከተሰበረ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው ይላሉ፤ በድሮ ጊዜ ገበሬዎች ደሴቱ ላይ የለቀቋቸው ናቸው የሚሉም አሉ። መጠጋት ክልክል ነው፣ ይናከሳሉ ይራገጣሉም፣ ቢያንስ 40 ጫማ ራቁ ተብሏል፤ ለትንሹ ልጅሽ ቀድመሽ ንገሪው። እናቴ ስታያቸው ዝም ብላ ከቆየች በኋላ "ባለቤት የላቸውም?" አለችኝ። ማታ በረት የሚያስገባቸው የለም ስላት በጣም አዘነች። ከዚያ ውርንጭላ እናቱን ሲከተል አየችና ሳቀች። እስካሁን ስልኳ ላይ ያ ፎቶ ነው ያለው።

ሁለት ነገር ግን አስጠነቅቅሻለሁ። አንደኛ፣ ከጁላይ የመጨረሻ ሳምንት ራቂ። የመጨረሻው ረቡዕ ፈረሶቹን ከአሳቲግ ወደ ቺንኮቲግ በዋና ያሻግሯቸዋል፣ በማግስቱ ውርንጭሎቹ በጨረታ ይሸጣሉ፣ ገንዘቡ ለበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ይገባል። ከ1925 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን በዚያ ሳምንት ትንሿ መንደር በሕዝብ ትጥለቀለቃለች፣ ክፍልም አታገኚም። ሁለተኛው ቢምቢ ነው። ቀልድ አይደለም እህቴ። ረግረግ ስለሆነ ማታ ማታ ሰው ይበላል። የሚቀባ መድኃኒትና ረጅም እጅጌ ሳትይዢ እንዳትሄጂ። ለእናትሽ ነጠላው ብቻ አይበቃም።

ነርስ ነኝ

ቦታ ለመጠቆም አይደለም የገባሁት። ሁለቱም የተባሉት ጥሩ ናቸው። ትንሹ ልጅ ዋና አይችልም ስላልሽ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት እኛ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። የቱ ቢች እንደሆነ አስፈላጊ አይደለም። ልጄ 9 ዓመቱ ነበር። ውኃው ጉልበቱ ጋ ነበር፣ ጉልበቱ ጋ! እኔ ከኋላው አሥር እርምጃ ላይ ቆሜ ስልክ አነጋግራለሁ። ዋናተኞችን የሚጠብቁት ላይፍጋርዶች ሰዓታቸው አልቆ ወጥተዋል። አንድ ሞገድ መጥቶ ጣለው፣ ሲመለስ ደግሞ ከእግሩ ሥር አሸዋውን ይዞት ሄደ፣ ልጁንም አብሮ። ስጮህ አንድ የማላውቀው ሰው ዘሎ ገብቶ ያዘው። ሁሉም ነገር የሆነው ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ነው። ልጄ ዛሬ 12 ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው፣ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ውኃ ዳር ስልክ አልይዝም።

ስለዚህ ላይፍጋርድ ባለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ግቡ፣ ጠዋት ስትደርሱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ጠይቂ። ቀይ ባንዲራ ካለ ውኃው ውስጥ አይገባም። ሪፕ ከረንት የሚሉት አለ፤ ከዳር ወደ ውስጥ የሚጎትት ጠባብ ጅረት ነው። ለትልቋ ልጅሽ በደንብ አስረጃት፤ ከያዛት ወደ ዳር ለመመለስ አትታገለው፣ ያደክማታል። አትደንግጥ፣ ወደ ጎን ከዳርቻው ትይዩ ትዋኝና ጅረቱ ሲለቃት ትውጣ። እጇንም ታውለብልብ። ዋና መቻሏ ብቻውን አይበቃም፣ የገንዳ ውኃ እና ይሄ አንድ አይደሉም።

ለእናትሽ ደግሞ፣ እዚያ አካባቢ ሞገዱ ዳር ላይ ድንገት ነው የሚሰበረው። ለሞገድ ጀርባ አይሰጥም። ፎቶ ለመነሳት ባሕሩን ከኋላ አድርገው የሚቆሙ ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚወድቁት፣ ሥራ ላይ አይቻለሁ፣ ዳሌ ስብራት ነው። ከጎናቸው ሆነሽ ክንዳቸውን ያዢ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሙቀቱ ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ውኃ ከሰውነት ያስወጣል። ከ10 ሰዓት በፊትና ከ4 ሰዓት በኋላ ቢወጡ ይሻላቸዋል፤ በፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነው።

ጉራማይሌ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም እናትየው ጸጥታ ይፈልጋሉ ብላችሁ ወስናችኋል። እሳቸውን የጠየቀ አለ? የኔ እናት ዋሽንግተን ግሮቭ ውስጥ ዓመት ሙሉ ጸጥታ ላይ ነው የኖረችው፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ እኛ ሥራ ስንሄድ። ኦሽን ሲቲ ስንወስዳት የእንጨት መንገዱ ላይ፣ ሦስት ማይል ገደማ ነው የሚረዝመው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ስታይ ዋለች። ሕፃን ስታይ ትመርቃለች። አንዷ ፈረንጅ ሴት አጠገቧ ተቀምጣ ሁለቱ ቋንቋ ሳይግባቡ ሲያወሩ አገኘኋቸው። "እንዲህ ዓይነት ገበያ ከመጣሁ አላየሁም" ነው ያለችው። አገር ቤት ሰው መሐል የኖረ ሰው ጸጥታ ሊከብደው ይችላል። ልጆችሽም የሚወዱት እሱኑ ነው። እኔ የምለው፣ ከመያዝሽ በፊት እናትሽን ጠይቂያቸው።

የስፕሪንግፊልዷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉራማይሌ፣ ያልከው ልቤን ነካው፣ እውነትም አልጠየቅኳትም ነበር። ትናንት ማታ ጠየቅኳት። "ሰው የሌለበት ምን ያደርግልኛል፣ ሰው የበዛበትም አልወድ" አለችኝ። ስለዚህ ሉዊስ መሐል ላይ ያለች ይመስለኛል። ፈረሶቹን ስነግራት ግን ዓይኗ በራ። ነርስ፣ ያንቺን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

አሁን የቀሩኝ ድልድዩና ምግቡ ናቸው። ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ከጉዞው በፊት ለሙከራ ያህል ቅርብ የሆነ ቦታ ለአንድ ቀን ብወስዳትስ?

የባሕር ኃይል ልጅ

የመጨረሻው ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ሳንዲ ፖይንት የሚባል ፓርክ አለ፣ አናፖሊስ አጠገብ፣ ከድልድዩ ወዲህ ማዶ። ድልድዩን መሻገር የለብሽም፣ ከሥሩ ነው የምትቀመጪው። ከናንተ ጋ አንድ ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሕዝብ ይበዛበታል፣ በሥራ ቀን ሂዱ። ቼሳፒክ ስለሆነ ሞገድ የለውም ማለት ይቻላል። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ጄሊፊሽ ይገባበታል፣ ይለበልባል፣ አይገድልም። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ውኃውን አይተሽ ግቡ።

እዚያ ቦታ አባቴን በየዓመቱ እወስደው ነበር። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ምጽዋ የባሕር ኃይል ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ ስለ ባሕር አያወራም ነበር፣ ብትጠይቂውም ወሬ ይቀይራል። መጀመሪያ ቀን ሳንዲ ፖይንት ስወስደው ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ እና ቁጭ ብሎ መርከብ መቁጠር ጀመረ። ባልቲሞር ለመግባት ተራ የሚጠብቁ ትልልቅ የጭነት መርከቦች እዚያ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ። "ያኛው ባዶ ነው" ይለኛል። እንዴት አወቅክ ስለው "ቀይ ሆዱ ከውኃ በላይ ወጥቷል፣ የተጫነ ቢሆን አይታይም ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ምጽዋው ባሕር ዳርቻ ስለ ጉርጉሱም፣ ስለ ሙቀቱ፣ ማታ ማታ ጓደኞቹ ጋ ዓሣ እየጠበሱ ስለሚያመሹት የነገረኝ። አርባ ዓመት ያልሰማሁትን በአንድ ከሰዓት ሰማሁ። አሁን በሕይወት የለም። ልጆቼ ግን መርከብ ባዩ ቁጥር ባዶ ነው ሙሉ ነው እያሉ ይከራከራሉ።

እግረ መንገዴን፣ ከአናፖሊስ ትንሽ ወደ ደቡብ ሃይላንድ ቢች የምትባል ቁጥብ ያለች መንደር አለች። የታዋቂው የባርነት ተቃዋሚ የፍሬድሪክ ዳግላስ ልጅ ቻርልስና ሚስቱ በ1892 እዚያ አጠገብ የነበረ መዝናኛ ጥቁር ናችሁ ብሎ ስለመለሳቸው፣ በዓመቱ የራሳቸውን መሬት ገዝተው የመሠረቷት ናት። ለአባትየውም ቤት ተሠራለት። በባርነት የተወለደበትን ማዶ ያለውን ዳርቻ እያየ ሊቀመጥ ነበር ሐሳቡ፣ ቤቱ ሳያልቅ በ1895 ሞተ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው፣ ቀጠሮ ይጠይቃል። ቢቹ የነዋሪዎቹና የእንግዶቻቸው ነው፣ ዝም ብለሽ መግባት አትችይም። ግን ሁላችንም በነፃነት ፎጣ የምናነጥፍበት ዳርቻ በነዚህ ሰዎች ዘመን ምን እንደነበረ ለ12 ዓመት ልጅሽ መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

ማለዳ ሹፌር

ስለ ድልድዩ። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ በክፍያ መኪናሽን ይዘው የሚያሻግሩሽ ሰዎች እስኪኖሩ ድረስ ብዙ ሰው ይፈራዋል። 4.3 ማይል ነው፣ መሐሉ ላይ በጣም ከፍ ይላል። ሌላ መንገድ አለ፤ በ95 ወደ ሰሜን ወጥተሽ ደላዌር ገብተሽ በ1 ቁጥር ወደ ታች መውረድ ነው። ግን ከናንተ ጋ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨምራል፣ 95 ራሱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እኔ ብሆን ባለቤትሽ ይንዳ፣ አንቺ ከኋላ መሐል ላይ ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ፣ እጃቸውን ያዢ፣ ጠዋት ማልዳችሁ መኪና ሳይበዛ እለፉት። ጥቂት ደቂቃ ነው። ክፍያው ስትሄዱ ብቻ ነው፣ ስትመለሱ የለም።

ማብሰያ ያለው ቤት በተመለከተ፣ ጁላይ ላይ ብዙዎቹ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው የሚያከራዩት። ለሦስት ሌሊት አይሰጡም። ከዋናው ከተማ ወጣ ያሉትን ወይም ትንሽ ማብሰያ ያላቸውን ሞቴሎች ፈልጊ፣ የሥራ ቀን ስለሆነ ዋጋውም ይወርዳል።

የቺንኮቲግ ወዳጅ

የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ በፈረንጅ ጁላይ 12። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው። ስለዚህ ጁላይ አጋማሽ ላይ መሄዳችሁ ለእናትሽ ጥሩ ነው፣ ረቡዕ ብቻ ነው የሚጾሙት። እንጀራውን ለየብቻ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ በማቀዝቀዣ ሳጥን ያዢ፣ ግን ከበረዶው ጋር እንዳይነካካ፣ ይረጥባል። ሽሮውን እዚያው ሥሪ። ዶሮ ወጥ በረዶ አድርገሽ ብትይዢ እስክትደርሱ ራሱ እንደ በረዶ ያገለግልሻል። ቡናውን ሞቴሉ በረንዳ ላይ አፍሉና በፔርሙዝ ወደ አሸዋው ውሰዱ። ክራቡንና ሽሪምፑን ልጆቹ ይዩት፣ እናትሽ ፊት ግን አታቅርቢው፤ የኔ እናት ሰው ሲበላ አይታ ምሳዋን ተወችው።

የስፕሪንግፊልዷ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ቃል ባልገባም መንገር አለብኝ።

ሉዊስ ሄድን። ድልድዩን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት፤ እናቴ እጄን ይዛ "ደረስን፣ ደረስን" ትለኝ ነበር፣ እሷ ግን መስኮቱን ከፍታ ወደ ታች እያየች። በቆሎውንም ገዛን። የመጀመሪያውን ቀን እንደተባልነው ሰላጤው ላይ ነበርን። ልጄ ያገኘውን የፈረስ ኮቴ የሚመስል የባሕር እንስሳ ቅርፊት ይዞ መጣ፤ በሜይና በጁን ሌሊት በጨረቃ በብዛት ወጥተው እዚያ ዳርቻ ላይ እንቁላል ይጥላሉ አሉን፣ ከዓለም በብዛት የሚታዩት እዚያ ነው። እናቴ ቅርፊቱን አገላብጣ አየችና "ይሄን እግዜር መቼ ሠራው?" አለች። ትልቋ ልጄ በስልኳ ፈልጋ ከዳይኖሰሮች በፊት የነበረ ነው ብላ ነገረቻት።

በማግስቱ ማለዳ ፓርኩ ገባን። ዊልቸሩን አገኘን፣ ባለቤቴ እየገፋ እስከ ውኃው ጫፍ አደረሳት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከላይ የባለቤቴን ጃኬት ደርባ፤ "ሐምሌ እኮ ነው" አለችን ሙቀቱ እየገደለን። ላይፍጋርዱ መጥቶ ሰላም አላት። ከዚያ ከወንበሩ ተነስታ ክንዴን ይዛ ቆመች፣ ጎን ለጎን፣ ነርስ እንዳለችው። ሞገዱ መጥቶ እግሯን ሲነካት አልደነገጠችም። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ቀድታ ቀመሰችው። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። አባቷ አሞሌ ይነግዱ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆና ከአፋር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ ሲመጣ ማታ ማታ ጭነቱ ሲራገፍ በድብቅ ሄዳ ትልስ ነበር፤ ይሄን ለኔ ነግራኝ አታውቅም። "አባቴ ጨው ድሮ ባሕር ነበር ሲል ተረት ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። ልጆቹ ቁጭ ብለው ሰሟት፣ ትንሹ አሞሌ ምን እንደሚመስል በአሸዋ እንድትሠራለት ጠየቃት፣ ሠራችለት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጎኑን አስተካክላ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ኒው ጀርሲ ወዳለችው ኬፕ ሜይ የሚሄደውን ፌሪ ያዝን፣ መኪናውን ትተን በእግራችን ገብተን፣ የመርከቡ ጉዞ 85 ደቂቃ ነው። መሐል ላይ ዶልፊኖች ወጡ። ረቡዕ ስለነበር እናቴ ምንም አልቀመሰችም፣ ደክሟት እንዳይሆን ብፈራም ከመርከቡ ጫፍ አልነሳም አለች። ቺንኮቲግን ለሚቀጥለው ሰመር አስቀምጠነዋል፣ ከፈረሶቹ ዋና ሳምንት ርቀን።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እናቴ ከአትላንቲክ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውኃ ቀድታ ይዛለች፣ ሰቆጣ ወስዳ ለእህቷ ልታስቀምስ ነው። በእጅ ሻንጣ እንደማይገባ አውቃለሁ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አሽጎ በደህና ያደረሰ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ፣ መስከረም ሩቅ አይደለም።